ታኮ

ጉም ከጦሳ ወርዶ ግቢውን ውጦታል፤
አንድ ነጭ አይሱዙ ግንቡን ተጠግቶ ይንጠባጠባል።
ባለቤቱ እብሬ ከትናንት እራት ወዲህ ምንም ሳይቀምስ፣ ውኃም ሳይቀር ትቶ፣
በሌሊት ከኮምቦልቻ ተነሥቶ
ሐረጎን ብቻውን ወጥቶ
አግዳሚው ላይ አለ፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ።

«ከማን ጋር መጡ?»
«ሰው አለ» አለኝ። ወደ መስኮቱ አየ።
መስኮቱ ላይ ከጉም በቀር ማንም የለ።

ስንቱ ዋሽቶኛል እዚች በር ላይ ቆሞ፣
«ባዶ ሆዴን ነኝ» እያለ፣ ቁርሱን በልቶ ቀድሞ።
የዚህ ሰው ውሸት ግን
ጣቱ ላይ ሲሽከረከር ይሰማል።

«ቁልፉን ይስጡኝ።»
«ለምን?»
«መድኃኒቱ ከዓይን ቢለቅ ከእጅ ቶሎ አይለቅም፤
እስከ ነገ በዚች ሰዓት መሪ አይጨበጥም።»
«ሠላሳ ዓመት ሐረጎን ስወጣ ስወርድ!
ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ—» ብሎ ቃሉን ዋጠ።
ቆይቶ ቀስ አለና፦
«እንቅልፍ ከሆነ ይቅርብኝ።
ሳልተኛ አድርጉት። እችለዋለሁ።»

ቁልፉ አሁን ጋውኔ ኪስ ውስጥ ነው። ይከብዳል።
የእህቱ ልጅ ዘሐራ ተደውሎላት ከሸዋበር እየመጣች ነው።

«እንቅልፍ አይደለም» አልኩት፣ «እንዴት ልበልዎት፣
ጭነት ይዘው ያ ቁልቁለት ሲመጣብዎት
ፍሬን ረግጠው ነው የሚወርዱት?»
ሳቀ። «በፍሬን የወረደማ ይደርሳል፤
ግን ዘመድ ነው የሚያነሣው።
በከባድ ማርሽ ነው። ቀስ። ሞተሩ ራሱ ይይዛል።»
«እኛም እንደዚያው ነን፤ ጥቂት ሰጥቶ ማየት፣
ደግሞ መቆየት።
ስጠራዎት ‘አቤት’ ይላሉ።
‘አቤት’ ካላሉኝ እኔ ፈጥኛለሁ ማለት ነው።»

ጉሮሮውን ረጨሁት፤ እሬት እንደቀመሰ ፊቱን አጨማደደ።
በግራ ጎኑ ተኛ። ጣቱ ላይ መቆንጠጫው፣
አፍንጫው ሥር ቀጭኗ ቱቦ።
ዘጠና ስድስት።
ዶክተር ሙሉሰው ጥቁሩን ገመድ ይዞ ይጠብቃል፤
መጠበቅ ያውቅበታል፣ ከእሱ ጋር መሥራት የምወደው ለዚህ ነው።
አንድ ሚሊግራም። ቆየሁ።
«ጋሽ እብሬ?» «አቤት።» ትንሽ ጨመርኩ።
«ጋሽ እብሬ?»
«አ…ቤት።»
ይበቃል። ከዚህ ማርሽ አይቀየርም።

መብራት ጠፋ። ማሽኑ ባትሪ አለው፣
ቢሆንም እኔ ደረቱን ነው የማየው፤
ደረት መብራት አይጠፋበትም።
ዘጠና አንድ ሲል አገጩን በሁለት ጣት ቀና አደረግኩለት፤
ዘጠና አምስት።
«ትንሽ ቁስል ናት» አለ ዶክተሩ፣
ቆንጥሮ ናሙና ወሰደ፣ ገመዱን አወጣ።

ያኔ ነው የተናገረው።
«ኑረዲን!» ዓይኑ እንደተከደነ።
«ኑረዲን፣ ታኮ! ታኮ አስገባ!
አልተኛሁም፣ ወላሂ አልተኛሁም፣
ጉም ነው… ጉም ነው እንጂ!»
ልቡ መቶ ሃያ ገባ።

መደርደሪያው ላይ ኦክስጅን አለ፣ ማንቂያ መድኃኒት አለ፤
ለዚህ የሚሆን ግን የለም።
ጎንበስ ብዬ ጆሮው ሥር
«አስገብቻለሁ» አልኩት፣
«ትልቁን ድንጋይ፣ ከኋላ ጎማው ሥር። መኪናው ቆሟል።»
«ቆሟል?»
«ቆሟል።»
መቶ አሥር። ዘጠና ስምንት። ሰማንያ።

ሲነቃ «መቼ ነው የምትጀምሩት?» አለ።
«ጨርሰናል።»
«ተኝቼ ነበር?»
«ስጠራዎት አቤት ይሉ ነበር።»
እውነት ነው፣ ከፊሉ።

እሱ ረስቶታል፤ የመድኃኒቱ ደግነት ይኸው ነው።
እኔ ግን አልወሰድኩም።
ካርዱ ላይ «በደኅና ነቅቷል፣ ከአጃቢ ጋር ወጥቷል» ብዬ ጻፍኩ፤
ለኑረዲን የሚሆን መስመር ካርዱ የለውም።

ቁልፉን ለዘሐራ ሰጠኋት፤ በባጃጅ ይዛው ሄደች፤
አይሱዙው ግቢ ሊያድር።
ማታ ስወጣ ጉሙ አልለቀቀም።
አልፌው ሄድኩ። ከበሩ ተመለስኩ።
ቦታው ሜዳ ነው፣ የትም አይንሸራተትም፣ አውቃለሁ—
አንድ ድንጋይ አነሣሁና
ከኋላ ጎማው ሥር አስገባሁ።